«አንደኛ ወጣ» በእንግሊዝኛ

(ጅማ ውስጥ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችና ለመምህሮቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው የንግግር ወዙ እንዳይጠፋ ብዙ አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ። ዝናቡ ሳይቀድመን ለመጨረስ እሞክራለሁ፤ ጅማ ላይ ዝናብን የቀደመ ሰው እስካሁን ባላይም።

ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ግሡ «ኤክሴል» ነው። ስጠራው ግማሻችሁ ፊት ድቅን ያለው ያ ሳጥን በሳጥን የሆነው የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደሆነ ይገባኛል። ማይክሮሶፍት መጀመሪያ ለማኪንቶሽ ያወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1985 ነው፤ ለዊንዶውስ ደግሞ በ1987። (ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው።) ከእናንተ ብዙ ይበልጣል ማለት ነው፤ በዕድሜ። ግሡ ግን ከፕሮግራሙ በመቶዎች ዓመታት ይቀድማል፤ እንግሊዝኛ ውስጥ ከገባ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይቆጠርለታል።

ከዚህ ቃል ጋር ቂም አለኝ። ወጣት ሆኜ ሥራ ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገባሁ። ማስታወቂያው «ወርድና ኤክሴል የሚችል» ይላል። ኮምፒዩተሩን እንኳ እምብዛም አልችልም ነበር። እንግሊዝኛዬን ላሳያቸው ብዬ በመጨረሻው መስመር «አይ ኤክሴል ኦል አዘር አፕሊካንትስ» ብዬ ጻፍኩ። «ከሌሎቹ አመልካቾች ሁሉ እበልጣለሁ» ማለቴ ነው። ጠያቂው ሽማግሌ ወረቀቱን አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ከዚያ ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ይኼን እንግሊዝኛ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው የቀዳኸው?» አሉኝ።

ሥራውን አላገኘሁም። ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። ያናደደኝ ሰውየው ልክ መሆናቸው ነው፤ እውነትም ከዚያ ነበር የቀዳሁት። ቤታችን አንድ የድሮ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ ከአማርኛው ጋር ጎን ለጎን እየዘረጋሁ ቋንቋ የተማርኩበት። በ1611 የታተመው ትርጉም ነው። ምሳሌ 31 ላይ፣ ስለ ልባም ሴት የሚናገረው ቦታ፣ አማርኛው «አንቺ ግን ከሁሉ ትበልጫለሽ» ሲል እንግሊዝኛው «ዛው ኤክሴለስት ዜም ኦል» ይላል። እኔም ኤክሴል ማለት በለጠ ማለት ነው፣ አበቃ፣ ብዬ ያዝኩት።

በ1611 ልክ ነበርኩ። ያን ጊዜ ግሡ ተሻጋሪ ነው፤ ተሳቢ ይወስዳል። እገሌ እገሌን ኤክሴል አደረገ፣ ማለትም በለጠው። ዛሬ ግን ይህ አገባብ አርጅቷል። አሁን «ሺ ኤክሴልስ ኢን ማትስ» ነው የሚባለው፤ በሒሳብ ትልቃለች። ወይም «ሂ ኤክሴልስ አት ካርቪንግ ስቱልስ»፤ ይኼኛውን ለጅማ ብዬ ነው ያመጣሁት፣ በርጩማ በመፈልፈል የተካነ ማለት ነው። የትምህርት ዓይነት ሲሆን «ኢን»፣ የእጅ ሥራና ክንውን ሲሆን «አት» ይቀናዋል። ሁለቱ ሲለዋወጡም ትሰማላችሁ፤ በዚህ የሚጣላችሁ መምህር ካለ እኔ ጋ ላኩት።

የሚገርመኝ እንዲህ ነው። ቃሉ በመቶዎች ዓመታት ውስጥ ተሳቢውን ጣለ። «ማንን?» የሚለው ጥያቄ ወድቆ «በምን?» የሚለው ቀረ። የሚበለጠው ሰውዬ ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ሄደ። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የቀሩት ልጅቷና ሒሳብ ብቻ ናቸው።

እስኪ ይህን በአማርኛ ሞክሩት። «ትበልጣለች» ብዬ ዝም ብል ምን ትሉኛላችሁ? «ከማን?» ነው የምትሉኝ። «በለጠ» ያለ «ከ» አይቆምም፤ «ከ» ከሌለ ደግሞ በግሡ ጅራት ላይ ሰውዬው ይንጠለጠላል፤ «ይበልጠኛል፣ በለጠችው»። የእኛ ማወዳደሪያ በሙሉ የቆመው በዚህ ግሥ ላይ ነው። እንግሊዝኛ «ቶል» ብሎ «ቶለር» ይላል፤ ቅጽሉን ራሱን ያረዝመዋል። እኛ ረጅምን የምናረዝምበት ቅጥያ የለንም። «ከእሱ ይረዝማል» ወይም «በቁመት ይበልጠዋል» እንላለን። አማርኛ ማወዳደር ሲፈልግ ሁለት ሰዎችን አጠገብ ለአጠገብ ያቆማል።

ደግሞ ይህ ግሥ ያልወለደው የለም! «ይበልጥ» ከእሱ ነው። «ብልጫ» ከእሱ ነው። ድምፅ ስንሰጥ የምናገኘው «አብላጫ» ከእሱ ነው። «ቡናን ከሻይ አስበልጣለሁ» ስንል፣ መውደድን የምንናገረው አንዱን በሌላው ላይ በማስበለጥ ነው፤ እንግሊዝኛ ለዚህ ሌላ ቃል፣ «ፕሪፈር»ን፣ ይጠራል። «ተበለጥኩ» ስልስ? እገሌ ከእኔ የተሻለ ሆኖ ተገኘ ማለቴ አይደለም፤ ሸወደኝ ማለቴ ነው። በዚያው ፊደላት «ብልጥ» የሚባለው አለ፤ ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል የተባለለት። መብለጥና ማታለል በአማርኛ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። ልጅ ሆነን ብይ ስንጫወት ይህን በደንብ እናውቅ ነበር።

ጅማ ላይ ቆሜ ኦሮምኛን ባልጠራ ነውር ይሆንብኛል። እዚህ መካከል ስንት ጫላ፣ ስንት ጫልቱ አለ? እጃችሁን አውጡ እስኪ። (ብዙ እጅ ወጣ፤ ሳቅም ተሰማ።) ጫላ የሚበልጥ ነው፣ ጫልቱ የምትበልጥ። ኦሮምኛም እንደ አማርኛ በግሥ ነው የሚያወዳድረው፤ «ኢኒ ነ ጫላ» ካልኩ «እሱ ይበልጠኛል» ብያለሁ። በአማርኛም በለጠ፣ በለጠች፣ ይበልጣል፣ ላቀው፣ በላይ የሚባሉ ሰዎች አሉን። አፍደልም እዚህ አይጠፋም፤ ዓረብኛ ነው፣ በላጭ ማለት። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁላችሁም የምትበልጡ ከሆነ የሚበለጠው ማን እንደሆነ እንጃ። ወላጆቻችን ይህን ሲያወጡ ሒሳቡን አልሠሩትም።

አሁን ወደ ሥሩ ልውረድ። ኤክሴል ከላቲን ነው የመጣው። «ኤክስ» ወደ ውጪ፣ «ወጥቶ» እንደ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ቁራጭ ደግሞ ከፍታን ከሚናገር ሥር ነው። ወጥቶ ከፍ ማለት። ደን ውስጥ ከሌሎች ዛፎች ራሱን አውጥቶ የሚታይ ዋንዛ አስቡ። ከዚያው ቤት «ኤክሰለንት» ተወለደ፣ «ኤክሰለንስ» ተወለደ፣ አምባሳደሮችን የምንጠራበት «ኤክሰለንሲ» ተወለደ፤ እኛ «ክቡርነትዎ» የምንለው።

የእኛ «ላቀ» ሌላ መንገድ ነው የመጣው። ግዕዙ «ልህቀ» ነው፤ አደገ፣ ሸመገለ ማለት። «ሊቅ» ከዚያ ነው፣ ዛሬ በየመግለጫው የሚነሱት «ልሂቃን»ም ከዚያ ናቸው፤ በጥንቱ ትርጉም ሽማግሎች ነበሩ። ላቲኑ የሚልቀውን ሰው ከፍ ብሎ አየው፤ ግዕዝ ሸምግሎ አየው። ይህን ለተማሪ ስነግር ደስ የሚለኝ በራሴ ፀጉር ምክንያት ነው። (ግዕዝ ከፍታን አያውቅም ማለቴ አይደለም፤ «ልዑል» እና «ልዕልት» አሉና።)

ቢሆንም ለኤክሴል የቅርብ ዘመዱን ሳፈላልግ ከርሜ ያገኘሁት እዚሁ እናንተ አፍ ላይ ነው። ሰኔ ሲደርስ ካርድ ይዛችሁ ቤት ስትገቡ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ ምንድን ነው? «ስንተኛ ወጣህ? ስንተኛ ወጣሽ?» ነው። ወጣ! ለምን «ሆንክ» አይሉም? ለምን «ደረስሽ» አይሉም? «ወጣ» በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። ከቤት ወጣ፣ ወደ ውጪ ሄደ። ተራራ ወጣ፣ ወደ ላይ ሄደ። ላቲኑ «ኤክስ» ብሎ፣ ሌላ ሥር አምጥቶ፣ ሁለቱን አጣብቆ የሠራውን፣ የእኛ እናቶች በር ላይ ቆመው በአንዲት ቃል ይጠይቁናል። «አንደኛ ወጣ» ስንል ከመካከል ወጣ፣ ደግሞም ወደ ላይ ወጣ ብለናል። ኤክሴልን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልስ ብባል «ወጣ» እላለሁ። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እንደማይስማሙኝ አውቃለሁ።

የእናንተው «ሰቃይ»ስ? ውጤቱን የሚሰቅል ተማሪ፤ ሰቀለ ማለት ከፍ አድርጎ አንጠለጠለ ነው። የተማሪ አራዳ ቋንቋ ላቲን ሳያውቅ እዚያው ከፍታ ላይ ደረሰ።

እንግሊዝኛ ግን ሰውን በሰው መብለጥን አልተወም። ለዚያ ሌላ መሣሪያ አለው፤ «አውት»። ማንኛውም ግሥ ፊት ላይ ይለጥፈዋል፣ ግሡም ወዲያው ተሸናፊ ይጠይቃል። «አውትዱ» ዋናው ነው፣ በሥራ መብለጥ። ሮጦ መብለጥ «አውትራን»። በቁጥር መብለጥ «አውትነምበር»። በብልጠት መብለጥ «አውትስማርት»፤ ያ «ተበለጥኩ» ያልኳችሁ እዚህ ይመጣል። በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ያሸነፈበት ልዩነት 0.09 ሰከንድ ነበር። ለዚያች ቅጽበት እንግሊዝኛው «አውትስፕሪንትድ» ነው፤ በመጨረሻው ሩጫ ቀደመው። «ኃይሌ ኤክሴልድ ቴርጋት» ብትሉ ማመልከቻዬን ያነበቡት ሽማግሌ ይስቁባችኋል። «ኃይሌ ኤክሴልድ አት ሎንግ ዲስታንስ» ብትሉ ግን የሚስቅ የለም፤ እዚያ ውስጥ ቴርጋት የለም፣ የሃያ ዓመት ሩጫ እንጂ።

አንዳንዱ «አውት» ደግሞ በአማርኛ ግራ ያጋባል። «አውትግሮው» የሚል አለ። ልጁ ጫማውን በእድገት በለጠው ነው ነገሩ። እኛ ግን ልጁን አንከስም፣ ጫማውን ነው የምንከሰው፤ «ጫማው ጠበበው»። «አውትሊቭ» አለ፤ ከሌላው በኋላ በሕይወት መቆየት። መብለጥ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም፤ እኛ «ቀብራው ኖረች» ነው የምንለው። እንግዳ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ብረት ሲሆን «አውትስቴይ» አደረገ ይባላል፤ ከተፈቀደለት በላይ ቆየ።

«ኤክሲድ»ንና «ሰርፓስ»ን ቶሎ ልለፋቸው፣ ደመናው እየመጣ ነው። ኤክሲድ ከልክ ማለፍ ነው፤ ልክ፣ ገደብ፣ ቁጥር ባለበት ሁሉ እሱን ጥሩ። መኪናው ከተወሰነው ፍጥነት አለፈ፤ ኤክሲድ። አንድ ጊዜ ተማሪ «ግልገል ጊቤ ኤክሴልድ ኢትስ ባንክስ» ብሎ ጻፈልኝ፤ ወንዙ ዳርቻውን አለፈ ሊል። የወጣልኝ ምስል ግን ወንዙ ፈተና ተፈትኖ አንደኛ ሲወጣ ነው። ሰርፓስ የፈረንሳይኛ ነው፣ በላይ ማለፍ፤ ከሪከርድ፣ ከተጠበቀ ውጤት ጋር ይሄዳል። እሱ ተሳቢውን አልጣለም፤ ሁልጊዜ የሚያልፈው ነገር ይፈልጋል።

ቡና ሳላነሳ ከጅማ ብሄድ ማን ይምረኛል! በነገሩ ላይ ግን ከቡና የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ቀማሾች እንዴት እንደሚሠሩ ያየ አለ? ቡናው ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ፈላ ያለ ውኃ ይጨመርበታል፣ ቀማሹ በማንኪያ አንስቶ ፉት! ይለዋል፤ ድምፁ በር ድረስ ይሰማል። ከዚያ ለሽታው፣ ለቅምሱ፣ አፍ ላይ ለሚተወው ነገር ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ100 ነው። 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ «ስፔሻሊቲ» ይባላል። ይህ የኤክሴል ዓለም ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሲኒ ምንም ይሁን ምን 80 ያው 80 ነው። ሁሉም ሊያገኙት ይችላሉ፣ ማንም ላያገኘው ይችላል።

በዚሁ ቃል የሚጠራ ውድድርም አለ፤ «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ»። በ1999 ብራዚል ውስጥ ተጀመረ፣ እኛ አገር የገባው በ2020 ነው። «ካፕ» የሚለው ደስ ይላል፤ ሲኒም ነው፣ ዋንጫም ነው። ስሙ ኤክሰለንስ ይሁን እንጂ ውድድር ነውና መጨረሻ ላይ በለጠ ይገባበታል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በመጀመሪያው ዓመት አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና ነው። ጅማዎች አትቆጡ፤ እኔ አልቀመስኩም፣ አልፈረድኩም።

የጅማን ስም በዓለም ገበያ ያስጠራው «ጅማ 5» ነው፤ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ጀንፈል የሚወጣ ያልታጠበ ቡና፣ ደረጃው አምስት። በስሙ ላይ ደረጃው ተለጥፎበት የሚዞር ሰው አስቡ! «እገሌ አምስተኛ» እየተባለ። ይህን ስም ሳይ ለእኔ ይከብደኛል፣ ምክንያቱም እዚሁ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ከሠሩት ጋር አይገጥምልኝም። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ፤ ፍሬውን ገና አረንጓዴ እያለ ያጠቁረዋል። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ከጫካ መረጠ። 74110፣ 74112 የሚባሉትን ምርጥ ዘሮች ገበሬ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ 1974። ሌላው ሲጠቁር እነዚህ አልጠቆሩም። እዚህ ላይ የቱን ግሥ እንደምትጠቀሙ ልጠይቃችሁ። ከሌሎቹ ዛፎች ጋር ካወዳደራችኋቸው «አውትፐርፎርም» ነው። በሽታ በመቋቋም ያላቸውን ችሎታ ብቻ ከተናገራችሁ ኤክሴል። ዛፉ ያው ነው፤ የሚለየው እናንተ የቆማችሁበት ቦታ ነው።

ፈተና ላይ ለሚጠቅማችሁ አንድ ነገር። ኤክሴል ሲጻፍ መጨረሻው አንድ «ኤል» ነው፤ ኃላፊ ጊዜ ሲሆን ግን ሁለት ይሆናል። ድምፁ ኋለኛው ክፍል ላይ ስለሚጠነክር ነው። እንግሊዝኛ «ኤል»ን ደርቦ ይጽፋል፣ አንብቡት ሲባል ግን አያጠብቀውም። እኛ የተገላቢጦሽ ነን፤ «አለ»ን ብናላላው ተናገረ፣ ብናጠብቀው ይገኛል ማለት ነው፣ ጽሑፉ ላይ ግን ምንም ልዩነት የለም። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪ «ኤል»ን መድገም ቢረሳ አልፈርድበትም፤ ነጥቡን ግን እቀንሳለሁ።

አንድ የቀረ አጠቃቀም አለ፤ ኤክሴል ተሳቢ የሚወስድበት ብቸኛ ሕያው ቦታ። ሰውዬው ራሱን ሲበልጥ። እንግሊዞች «ዩ ሃቭ ኤክሴልድ ዩርሰልፍ» ይላሉ፤ ከዛሬ በፊት ከሠራኸው ሁሉ በለጥክ። ምግብ ሠርታችሁ እንግዳ ይህን ካላችሁ ምስጋና ነው። ወጡ አርሮ ከሆነ ግን ምፀት ነው፣ እኛ «እሰይ! ዛሬስ ባሰብህ» እንደምንለው። ፊቱን አይታችሁ ለዩ።

እዚህ ላይ አቆምኩና ጥያቄ ካለ አልኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ ተነሣች፤ ስሟ ከላይ ከጠራኋቸው አንዱ ነው።

«ቲቸር፣ የእኔ ስም ወደ እንግሊዝኛ ቢመለስ ኤክሴል ነው ወይስ አውትዱ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው አልኳት። ስሙ «የምትበልጥ» ብቻ ነው የሚለው፤ ከማን እንደሆነ አልተጻፈበትም፣ ተሳቢ የለውም። ስለዚህ ኤክሴል ነው፤ ወላጆችሽ ማንንም ዝቅ አላደረጉም አልኳት። ስለ ስሞች ያን ሁሉ ስቀልድ ይህን አለማየቴ ገርሞኝ ነበር፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

ትንሽ አሰበችና፣ «እንጃ ቲቸር» አለች። «እናቴ ግን ከጎረቤታችን ልጅ ነው የምትለው።»